ያልነበሩባቸው ቀናት

ካናኤ የታጠበ ልብስ አስጥታ ከበረንዳ ስትመለስ አንድ ሰው አባቷን ቀን ሲያስጠናቸው ሰማች። «ማርች ሦስት?» ይላል ሰውየው፣ ለደከመ ጆሮ በሚሆን ድምፅ። «ነበርኩ» ይላሉ አባቷ። «ማርች አሥራ ሰባት?» «ነበርኩ።» «ኤፕሪል ስድስት?» አባቷ ዝም አሉ። «ነበሩ፣ ጋሼ። ኤፕሪል ስድስትም ነበሩ።» «ነበርኩ» አሉ አባቷ፣ የማያውቁትን ሰው ስም እንደሚደግሙ ሁሉ። ካናኤ ባዶውን የልብስ ቅርጫት እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆመች። አባቷ ከፋብሪካው በጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን በሩን አልረገጡም።

ሰውየው ማዞኖ ነው፤ የጥራት ክፍል ኃላፊ። በሃያ ሁለት ዓመቱ ሥራውን ያስተማሩት አባቷ ናቸው። አሁን ሃምሳ ሞልቶታል፤ ሆዱም ከዝቅተኛው ጠረጴዛ ጋር ይጋፋል። ሲገባ እንደ ደንቡ መጀመሪያ ወደ ሟች እናቷ ፎቶግራፍ ሄዶ ተንበረከከ፣ ትንሿን ደወል መታ፣ መዳፎቹን ገጥሞ ጎንበስ አለ። ከዚያ በሐምራዊ ጨርቅ የተጠቀለለ የጣፋጭ ካርቶን በሁለት እጁ አቀረበ። ካናኤ ጨርቁን ሳትፈታ ዋጋውን አወቀችው፤ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ትልቅ መደብር የተገዛ ነው፣ አምስት ሺህ የን። ሰው ለምስጋና የሁለት ሺህ፣ ለሐዘን የሦስት ሺህ ይዞ ይመጣል። የአምስት ሺህ ይዞ የሚመጣ ወይ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው፣ ወይ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር ሊያደርግ ነው።

ፋብሪካው የትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሾችን ጣሪያ የሚሸከሙ ብሎኖች ይሠራል። ምድር በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ ብርድ ልብሱን ይዞ የሚጠለለው እነዚያ አዳራሾች ውስጥ ነው። ከእያንዳንዱ ምድብ አምስት ብሎን ይመረጥና በመጎተቻ ማሽን እስኪበጠስ ይጎተታል። የተበጠሰበት ክብደት ይጻፋል፤ ፈቃድ ያለው ተቆጣጣሪም ስሙ የተቀረጸባትን፣ የጣት ጫፍ የምታክል ማኅተም ከቁጥሩ አጠገብ ያሳርፋል። ያለዚያች ማኅተም አንድ ብሎን ከግቢ አይወጣም። አባቷ ሲወጡ ሌላ ፈቃድ ያለው ሰው አልነበረም። አንድ ሰው ለማሠልጠን ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ደንበኛ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠብቅም። በስንብቱ ዕለት ማዞኖ፣ «ጋሼ፣ ማኅተሟን መሳቢያው ውስጥ ይተዉልን፤ የቀሩ ወረቀቶች አሉ» አላቸው። ተዉላቸው። የቀሩት ወረቀቶች ሦስት ዓመት ሙሉ አላለቁም። የአባቷ የቤተሰብ ስም ኒሬኪ ነው፤ ኒሬኪ የሚባል ቤተሰብ በከተማው ውስጥ የእነሱ ብቻ ነው፤ በዚህ ስም የተቀረጸ ማኅተም ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ተደርድሮ አይሸጥም። ስለዚህ ባለፈው ወር አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው በጡረታ በወጣ ሰው ማኅተም እየታተመ ነው ብሎ ለጋዜጣ ሲጽፍ፣ «ሌላ ኒሬኪ ይሆናል» የሚል አልተገኘም። ኩባንያው ከውጭ ጠበቆች መርማሪ ቡድን አቋቋመ። አባቷ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ተጠርተዋል።

ካናኤ የገብስ ሻይ ይዛ ገባች።

«እንኳን መጣሽ» አለ ማዞኖ። «አባትሽ ጎበዝ ተማሪ ወጥቷቸዋል። እኔን ሲያስተምሩኝ ግን በመፍቻ አናቴን ነበር የሚሉኝ።»

«አሁን ማን ይበልዎት ታዲያ?»

ማዞኖ ከልቡ ሳቀ። አባቷ አልሰሙም። ሠላሳ አምስት ዓመት ከሚበጠስ ብረት አጠገብ ቆመው ግራ ጆሯቸው ሞቷል፤ ቀኙም የሚሰማው ተጠግተው ሲያናግሩት ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ይጮህባቸዋል። ካናኤ ብቻ ጎንበስ ብላ በቀኝ በኩል ዝቅ ባለ ድምፅ ታወራቸዋለች፤ አብራቸው መኖር ከጀመረች ወዲህ የሌላውን ወሬ የምታደርስላቸው እሷ ናት።

ማዞኖ ያመጣው ሁለት ሰነድ ነው። አንደኛው የስልሳ አንድ ቀናት ዝርዝር ነው። ሁለተኛው አባቷ በጡረታ በወጡ ማግስት በትርፍ ሰዓት ተቆጣጣሪነት እንደተቀጠሩ የሚገልጽ ውል ነው። ቀኑ የዛሬ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ተደርጎ ተጽፏል፤ ወረቀቱ ግን ከማተሚያው ከወጣ ከአንድ ቀን አይበልጠውም፣ ጠርዙ ገና አልታጠፈም። ማዞኖ በጣቱ የማኅተሙን ቦታ አሳየ።

«እዚህች ላይ ብቻ። ከዚያ በስምንት ሰዓት ራሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ጠበቆቹ ይጠይቃሉ፣ እሳቸው ‹ነበርኩ› ይላሉ፣ አለቀ።»

«ጥፋቱስ የማን ሊባል ነው?»

«የማንም። ‹በዕድሜ የገፋ ሠራተኛ የአሠራር ግድፈት› ይባላል። ስማቸው እንኳ አይወጣም፤ ሪፖርቱ ላይ ‹ሀ› ተብለው ነው የሚጻፉት። ስሚኝ ካናኤ፣ ከኪሱ የከተተ ሰው የለም። እኔ ዛሬም የምነዳው ያንኑ የድሮ መኪና ነው። ደንቡ ሁለት ቶን ይላል፣ ብሎኑ በአንድ ቶን ከዘጠኝ መቶ ኪሎ ይበጠሳል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ለጥንቃቄ ብለው ጨምረውበታል። የወደቀ ጣሪያ አየሽ? አንድ መስመር ባቆም ግን አራት መቶ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ካናኤ የምትሠራው በተማሪዎች ምሳ ማዕከል ነው፤ ሥራዋም ከእያንዳንዱ ድስት መሐል ሙቀት ለክታ መመዝገብ ነው። ማዞኖ ይህን አያውቅም፤ እሷ ግን ታውቃለች። ሰማንያ አምስት ዲግሪ መድረስ አለበት። መኪናዎቹ ሞተር አስነሥተው ሲጠብቁ፣ ሰማንያ ሦስት ያለውን ሰማንያ አምስት ብላ የጻፈችባቸው ጠዋቶች አሉ። ያን ጊዜም ማንም አልታመመም።

ማዞኖ ወደ አባቷ ቀኝ ጆሮ ተጠጋ፤ የዚያን ጆሮ ነገር ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። «የሐሙሶቹን ነገርም ማንም አላነሣም፣ ጋሼ። እኔም አላነሣሁም።» የአባቷ ፊት አልተለወጠም፤ እጃቸው ብቻ ከጠረጴዛው ላይ ወርዶ ጉልበታቸው ላይ ተቀመጠ። ካናኤ ሐሙስ ምን እንደሆነ አላወቀችም። ነገሩን ላለመጠየቅ የቀኖቹን ዝርዝር ስባ ማንበብ ያዘች፤ ሁለተኛው ገጽ መሐል ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ኖቬምበር አሥራ አራት» አለች። «ይኼ እማዬን የሸኘንበት ቀን ነው።»

ማዞኖ ሻዩን አነሣ።

«ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ታትሟል ይላል። በአራት ሰዓት ተኩል አባዬ ከማቃጠያው ምድጃ የወጣውን የእማዬን አጥንት እየለቀመ ነበር። እርስዎ ደግሞ በር ላይ ቆመው እንግዳ ሲያስመዘግቡ ነበር። ክፍላችሁ በሙሉ ጥቁር ሱፍ ለብሶ እዚያው ነበር። ማን ቀርቶ ነው ያተመው?»

ለሐዘንተኛ የሥራ ጓደኞቹ በር ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበሉለታል፤ ደንቡ ነው። በዚያ ቀን ማዞኖ ከጠዋት ጀምሮ እግሩ እስኪያብጥ ቆሞ እንደነበር፣ መዝገቡንም በቆንጆ ጽሕፈት እንደጻፈላቸው ካናኤ አትረሳም። ሲያለቅስም አይታዋለች። የውሸት ለቅሶ አልነበረም። አሁን ሻዩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ ፊቱ ላይ የታየው የተያዘ ሰው ድንጋጤ አይደለም፣ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ትዕግሥት ነው።

«ስንት ሰዓት ነበር ያለቀው? ሰባት ሰዓት አይደል?» አለ። «ሰዓቱን ጸሐፊዋ ተሳስታለች እንላለን። ከሰዓት በኋላ ብቅ ብለው ነበር ማለት ነው። እንደ እሳቸው ላለ ለሥራው ሟች ሰው የማይሆን ነገር አይደለም።»

«ምን አለ?» አሉ አባቷ።

ካናኤ ማዞኖን አየችው። እሱም ትነግራቸው እንደሆነ ጠበቀ። ጎንበስ ብላ ቃል በቃል ነገረቻቸው፤ እናቷን ሳቺኤን አቃጥለው፣ አጥንቷን በማሰሮ አቅፈው ቤት ካስገቡ በኋላ ወደ ፋብሪካ ሄደው ብሎን ፈትሸዋል ሊባል እንደሆነ። ከውጭ የቆሻሻ መኪናው ዘፈን ሰፈሩን እያቋረጠ አለፈ።

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ» አሉ በመጨረሻ። «ይቻላል።»

ማዞኖ ከቀኑ አጠገብ በእርሳስ «ከሰዓት» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ሊያስነካ ጥቂት እስኪቀረው ሰግዶ ተነሣ።

ከሄደ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቶሞኪ ደወለ። የካናኤ ታናሽ ወንድም ነው፤ እዚያው ፋብሪካ፣ ጭነት ክፍል፣ በአባቱ ስም የገባ። መጋዘን ውስጥ ተደብቆ እንደሚያወራ ከድምፁ ታስታውቃለች።

«እቱ፣ ማዞኖ ሄደ እንዴ? አባዬ አተመ?»

«ገና ነው።»

«ገና ማለት ምን ማለት ነው? ትናንት አለቃዬ ከማሽኑ ቡና ገዛልኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ‹አባትህ ደኅና ናቸው?› አለኝ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አላለም። እዚህ ሰው ሁሉ ደግ ሆኖብኛል፤ ፈራሁ።»

«የእማዬን ቀን አስገብተውበታል።»

«አውቃለሁ» አለ። «ዝርዝሩን ያየሁት ማክሰኞ ነው። እማዬ ሞታለች፣ እቱ። ልጆቼ ግን አልሞቱም። ደግሞ አንቺ ራስሽ በአዲስ ዓመት እየሳቅሽ የነገርሽን የቴርሞሜትር ጨዋታ አለ። ዛሬ ምነው ጻድቅ ሆንሽ?»

ስልኩን ማን እንደዘጋው እሷም አላወቀችም።

ወደ ክፍሉ ስትመለስ አባቷ ጠረጴዛውን ጠርገው፣ ከቁም ሳጥኑ ትልቁን፣ በፊርማ ፋንታ በማዘጋጃ ቤት የተመዘገበውን ማኅተማቸውን አውጥተው ነበር። ከወረቀቱ ሥር የምትደረገውን ትንሽ የጎማ ምንጣፍ አነጠፉ። ውሉን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከሉ። «አባዬ» አለች ካናኤ። ቀና አላሉም። አለመስማታቸውንና መስማት አለመፈለጋቸውን የምትለየው በአገጫቸው ነው፤ አሁን አገጫቸው ጠንክሯል። ማኅተሙን ቀይ ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ፣ ክብደታቸውን ጣሉበት፣ አነሡት። ምልክቱ ጥርት ያለ ነበር፤ አንድ ጠርዝ አልደበዘዘም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ፤ አምስት ሰዓት ተኩል። ካናኤ ወጥ ቤት ገብታ ኑድል ቀቀለች። ሁለቱም በሉ፤ ከዚያ አባቷ ሥራ ላይ ሳሉ ይለብሱት የነበረውን ግራጫ ሱፍ ለበሱ። ወገቡ ሰፍቷቸዋል።

መኪና ውስጥ ፖስታውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። የአገሩ መኪና መሪ በስተቀኝ ስለሆነ ካናኤ ስትነዳ ከቀኛቸው ናት፤ ስለዚህ ጥሩው ጆሯቸው ከእሷ በኩል ነው። አባትና ልጅ ቁም ነገር የሚያወሩት እዚህ ብቻ ነው። የወንዙን ድልድይ ሲሻገሩ፣ ሳትጠይቃቸው፣ «ሐሙስ ሐሙስ እናትሽን ሐኪም ቤት ነበር የምወስዳት» አሉ።

«አስታውሳለሁ። ፈቃድ ወስደህ ነበር።»

«ፈቃድ ማን ይሰጠኛል? ተቆጣጣሪው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ከሌለሁ መስመሩ ይቆማል። ረቡዕ ማታ ባዶ ቅጽ ላይ አትሜ አስቀምጥ ነበር። ሐሙስ እነሱ ቁጥሩን ይሞሉታል። ሁለት ዓመት።» ቀይ መብራት ያዛቸው። «ማዞኖ ይህን ከሌላ አልተማረውም። ባዶ ወረቀት ላይ ማተም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ አንድ መኪና ጡሩንባ እስኪነፋ ካናኤ አልተንቀሳቀሰችም።

ቀጠሮው ከጣቢያው አጠገብ ባለ ሆቴል ሦስተኛ ፎቅ ነው። መኪና ማቆሚያው ለግማሽ ሰዓት ሦስት መቶ የን ያስከፍላል። ክፍሉ ለሙሽሮች መዘጋጃ የተሠራ ነው፤ አንዱ ግድግዳ ሙሉ መስታወት ነው፣ ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። ጠበቆቹ ሁለት ናቸው፤ አንድ ሽበት የጣለበት ወንድና አንዲት ወጣት ሴት። ወንዱ ይጠይቃል፣ ሴቷ ትጽፋለች፣ በመሐላቸው የድምፅ መቅጃ ተቀምጧል። ካናኤ ከአባቷ በስተቀኝ እንድትቀመጥና ጥያቄውን እንድትደግምላቸው ተፈቀደላት። «ቃል ሳይጨመር፣ ሳይቀነስ» አሏት።

ፖስታው ተከፈተ። ሽማግሌው ጠበቃ ውሉን አንብቦ ራሱን ነቀነቀ፤ የጠበቀውን ያገኘ ሰው አነቃነቅ ነው። «እንግዲህ በዚህ ውል መሠረት ከጡረታዎ በኋላ ባሉት ቀናት በፋብሪካው ተገኝተው ሠርተዋል?» ካናኤ ጎንበስ ብላ ደገመችው። ቃላቱን አንድ በአንድ አስቀመጠቻቸው።

«አልነበርኩም» አሉ አባቷ።

ወጣቷ ቀና አለች።

«ኖቬምበር አሥራ አራት የሚስቴን አጥንት ስለቅም ነበር። ሌሎቹን ስልሳ ቀናት ቤቴ ነበርኩ። ይህ ውል ቀኑ የድሮ ነው፤ ያመጡልኝ ዛሬ ጠዋት ነው፣ ያተምኩትም ዛሬ በአምስት ሰዓት ተኩል ነው። ልጄ አይታለች። ቀለሙን ይንኩት።»

ሽማግሌው አልነካውም። ወጣቷ በትንሿ ጣቷ ነካችና ጣቷን ገልብጣ አየችው፤ ቀልቷል።

«ታዲያ ለምን አተሙት?» ሲል ጠየቀ ሽማግሌው። ካናኤም ከልቧ ማወቅ የፈለገችው ይህንኑ ነበርና ፈጥና ደገመችው።

«ያልታተመ ወረቀት ምን ያስረዳል? አምጥተው ነበር ብል፣ አላመጣንም ይሉኛል።»

ካናኤ ስለ ቶሞኪ አሰበች፤ ስለ ቡናው፣ መጋዘን ውስጥ ስለሚንሾካሾከው ድምፅ። ነገ ማንም ደግ አይሆንለትም። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ግን ቢያንስ አባቷ ስማቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ሌላው በማኅተማቸው ያጠፋባቸው ምስኪን ሽማግሌ ይሆናሉ። ሽማግሌው ጠበቃም እንደዚያ ያሰበ ይመስላል፤ ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ።

አባቷ ግን አላበቁም። «ከዚያ በፊት የነበሩት ሐሙሶች አሉ» አሉ። «በባዶ ቅጽ ላይ አተምኩ። የተበጠሰውን ብሎን ሳላይ። የትኛው ምድብ የት እንደሄደ አልረሳሁም። ከድልድዩ በታች ያለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ምድብ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አራት። ብርቱካን እርሻው ዳገት ላይ ያለው...»

ሽማግሌው እጁን አነሣ። ወጣቷ ብዕሯን አስቀመጠች፤ እሱ መቅጃውን አጠፋው። ፊቱን ወደ ካናኤ አዞረና፣ ለቅርብ ዘመድ እንደሚናገር ሰው ረጋ ብሎ፣ «ኩባንያው የሰጠን ሥልጣን ከጡረታቸው ወዲህ ያለውን ብቻ ነው» አላት። «ከዚያ በፊት ያለው አይመለከተንም። አባትሽ እስካሁን ምስክር ናቸው። ይህን ከጨመሩበት ግን ሌላ ነገር ይሆናሉ። ንገሪያቸውና ይብቃቸው። ለእሳቸው ብዬ ነው።»

አባቷ መቅጃው መጥፋቱን አላዩም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁጥር እያስታወሱ ነበር። ሰው መናገሩን በትንፋሹ አውቀው፣ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ። ካናኤ ወደ ቀኝ ጆሯቸው ጎንበስ አለች። የሚባለው ቃል አፏ ላይ ነበር፤ እውነትም ነበር፣ ደግነትም ነበረበት፤ አባቷንም ያድናቸዋል። ጆሯቸው ላይ ያለችውን ትንሽ ነጭ ፀጉር እያየች ሁለት ጊዜ ተነፈሰች።

«ቀስ በል ነው የሚሉህ፣ አባዬ» አለች። «እየጻፉ ነው።»

ሽማግሌው ሰማት። በመስታወቱ ውስጥ ሲያያት አየችው። አባቷ ራሳቸውን ነቅንቀው ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ አሁን ዝግ ብለው፣ ቁጥሩን አኃዝ በአኃዝ እየለያዩ። ካናኤ ያለችው ውሸት ሆኖ እንዳይቀር ጠረጴዛው ላይ ካለው የሆቴሉ ማስታወሻ አንድ ገጽ ቀድዳ፣ የሆቴሉን እርሳስ አንሥታ መጻፍ ጀመረች። ከድልድዩ በታች ያለው አንደኛ ደረጃ። ዳገት ላይ ያለው መካከለኛ። ከአሳ ገበያው ጀርባ ያለው፣ ሁለት አዳራሽ፣ ሁለት ምድብ። አራተኛው ላይ ስትደርስ ወጣቷ ጠበቃ ብዕሯን አነሣች። ወደ ሽማግሌው ሳታይ፣ ባዶ ገጽ ገልጣ፣ «ይቅርታ» አለች። «ዳገት ላይ ያለው፣ ምድቡ ስንት ነበር?»

ካናኤ ወደ አባቷ ጆሮ ጎንበስ ብላ ጥያቄውን ደገመችላቸው፤ ቃል ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።